ሳቁ ወደ ማን ነው?
በጋራ ስለሚፈጠር የተማሪዎች ኮሜዲና ስለ መመዘኛው

ኮሜዲን መመዘን ትራዤዲን ከመመዘን ይከብዳል። በትራዤዲ ጊዜ አዳራሹ ዝም ካለ፣ አንዲት እናት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ከጠረገች፣ ተመልካቹ ምን እንደተሰማው እንኳን ሐያሲው በር ጠባቂውም ያውቀዋል። ኮሜዲ ግን ተንኮለኛ ነው። አዳራሹ በሳቅ ሲናወጥ ያ ሳቅ ከምን እንደመጣ፣ ወደ ማንስ እንደሄደ ወዲያው አይታወቅም። ሰው እውነት ሲነገር ይስቃል፤ ጓደኛው ተደናቅፎ ሲወድቅም ይስቃል፤ ጎኑ የተቀመጠው ስለሳቀ ብቻም ይስቃል። ሦስቱም ከውጭ ለሚሰማ ሰው አንድ ናቸው።

በእኛ በተማሪዎች ዘንድ፣ በተለይ ደራሲ በሌለው፣ ተዋንያኑ ራሳቸው በልምምድ ላይ እየተነጋገሩ በፈጠሩት ኮሜዲ ላይ፣ ፍርዱ የሚሰጠው ገና ከአዳራሹ በር ላይ ነው። «እንዴት ነበር?» «ኧረ ሰው በሳቅ ሞተ!» በቃ፤ አለቀ። ከዚህ ወገን ፊት ለፊት ደግሞ ሌላ ወገን ቆሟል። እሱ ምንም ያህል ቢሳቅ «ትምህርቱ ምንድን ነው? መልእክቱስ?» ብሎ ይጠይቅና መጨረሻ ላይ አንድ ምክር ከተነገረለት ደስ ብሎት ይሄዳል። የመጀመሪያው ወገን ኮሜዲን ከመኮርኮር ጋር፣ ሁለተኛው ከስብከት ጋር ያምታታዋል።

ይህ ጽሑፍ ሁለቱንም አይቀበልም። አቋማችን ይህ ነው፦ በጋራ የተፈጠረ የተማሪ ኮሜዲ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመዘነው በሳቁ ብዛት ሳይሆን በሳቁ አቅጣጫ ነው። መመዘኛውን ከኪሳችን አላወጣነውም። የአገራችን የኮሜዲ ታሪክ ራሱ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚከራከረው በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው። ስለሆነም በቅርቡ አዳማ ላይ ስላየነው የጓደኞቻችን ሥራ ከመናገራችን በፊት ጥቂት ወደ ኋላ እንሂድ።

የመጀመሪያው ሳቅ

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ቴአትር በልቅሶ አልተጀመረም፤ በኮሜዲ ነው የተጀመረው። በ1913 ዓ.ም. ገደማ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ መሳለቂያ» የተባለውን ሥራቸውን አዲስ አበባ ላይ ለመድረክ አበቁ። ተክለ ሐዋርያት በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው የወታደር ትምህርት የተማሩ፣ በኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ የተከራከሩ ሰው ናቸው። ከአዳማ ወደ ምሥራቅ ለሚጓዝ ሰው ደግሞ ጨርጨርን ያስተዳደሩ፣ የዛሬዋን ጭሮ አሰበ ተፈሪ ብለው የቆረቆሩ ሹም ናቸው። በአውሮፓ ቴአትር ምን እንደሆነ ስላዩ፣ እዚህ ዘፈንና ጭፈራ ቴአትር ተብሎ ሲጠራ አልዋጥላቸው አለ። እውነተኛውን ላሳያችሁ ብለው ተነሡ።

መሣሪያቸው እንስሳት ነበሩ። የፈረንሳዊውን የላፎንቴንን ተረቶች መነሻ አድርገው አውሬዎችን አናገሩ። ይህ ለእኛ ተመልካች እንግዳ ነገር አይደለም፤ ጦጣና ቀበሮን፣ ጅብና አህያን እያናገሩ ስለ ሰው ማውራት የአያቶቻችን ሙያ ነው። ሰሙ አውሬ ነው፤ ወርቁ ሹም። ጉቦው፣ የፍርድ መጓደሉ፣ የአስተዳደሩ ኋላ ቀርነት በአውሬ አፍ ተነገረ። አውሬዎቹ እነማን እንደሆኑ ለማወቅም ረጅም ጊዜ አልፈጀም። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት ሥራው ታገደ፤ ቴአትርም እንደገና በስፋት ብቅ ያለው ከ1923ቱ የዘውድ በዓል ወዲህ ነው።

ከዚህ የምንገነዘበው ምንድን ነው? የመጀመሪያው ኮሜዲያችን ሳቁን ወደ ላይ ወረወረ። የሳቀበት ሰው በዙፋኑ ዙሪያ የተቀመጠ ሰው ነበር። የታገደውም ስላላሳቀ አይደለም፤ ሳቁ የት እንደሚያርፍ ስለታወቀ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ይሁንልን፦ ኮሜዲ አድራሻ አለው።

ተማሪ እንደ አፍ፣ ተማሪ እንደ ደራሲ

ከዘውድ በዓሉ በኋላ ቴአትርን ያሳደጉት ትምህርት ቤቶች ናቸው። ከጎጃም ቅኔ ቤት የመጡት ዮፍታሔ ንጉሤና የዘመን ጓደኛቸው መልአኩ በጎሰው መምህራን ነበሩ፤ ተዋንያኑ ደግሞ ተማሪዎቻቸው። ወንድ ልጅ ነጠላ ለብሶ ሴት ይሆን ነበር። ግጥሙ የመምህሩ፣ አፉ የተማሪው ነው። ተማሪው በቃሉ ይዞ ያነበንባል፤ ከራሱ አንዲት ቃል ቢጨምር ሊቆጡት ይችላሉ። ይህ ዘመን ለቴአትራችን መሠረት ጥሏል፤ ለተማሪው የፈጠራ ነፃነት ግን ገና ነበር።

ተማሪው በራሱ አፍ መናገር የጀመረው በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ በኮሌጅ ቀን የግጥም ውድድር ላይ ነው። የታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» በ1953 ዓ.ም. ሲነበብ ያልተለመደ ነገር ሆነ። እዚያ ግን ሳቅ አልነበረም። ተማሪው በደሃው ስም ጮኸ፤ ስለ ራሱ፣ ነገ ወንበር ላይ ስለሚቀመጠው ስለ ምሩቁ ግን ገና አልተናገረም።

በዚያ በኩል የመጡት መንግሥቱ ለማ ናቸው። መንግሥቱ በአንድ በኩል የቅኔ ቤት ልጅ፣ በሌላ በኩል ለንደን የተማሩ ሰው ነበሩ። የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ጨዋታ ቁጭ ብለው አዳምጠው «መጽሐፈ ትዝታ» ብለው በጽሑፍ ያቆዩልንም እሳቸው ናቸው። የኮሜዲያቸው ለዛ ከሁለቱም ምንጭ የተቀዳ ነው። «ጠልፎ በኪሴ» ውስጥ የተማረው ወጣት ሚስት ለማግኘት የጥንቱን ጠለፋ ሊሞክር ይነሣል። «ያላቻ ጋብቻ» ውስጥ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ የትልቅ ቤተሰብ ልጅ ገጠር ገብቶ ከቤት ሠራተኛው ጋር ጋብቻ ያስባል። በሁለቱም ሥራ ሳቁ የሚያርፈው በባላገሩ ላይ አይደለም። ሳቁ የሚያርፈው የተማረ ነኝ ባዩ በሚናገረውና በሚሠራው መካከል ባለው ክፍተት ላይ ነው።

ይህ ትልቅ ግኝት ነው። ተክለ ሐዋርያት ወደ ላይ ሳቁ፤ መንግሥቱ ደግሞ ወደ ራሳቸው መደብ ሳቁ። ዲፕሎማ ይዞ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው በአዳራሹ ውስጥ ካሉት ሁሉ ይበልጥ አስቂኝ ሊሆን እንደሚችል አሳዩ። በ1950ዎቹ አጋማሽ በዩኒቨርሲቲው ከተቋቋመው የኪነ ጥበባት ማዕከል እስከ 1971ዱ የቴአትር ጥበባት ክፍል ድረስ ቴአትር የዩኒቨርሲቲ ትምህርት እየሆነ ሲሄድ፣ ለተማሪ ኮሜዲ የተሰጠው ከሁሉ የሚበልጠው ውርስ ይህ ነው ብለን እናምናለን፦ መጀመሪያ በራስህ ሳቅ።

የኪነት ዘመን

ደራሲ የሌለው፣ በቡድን የሚፈጠር አጭር ጭውውት በአገር ደረጃ የተስፋፋው ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነው። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠርና ወደ ትንንሽ ከተሞች ተሰማሩ። ከዚያ በኋላ በየቀበሌው፣ በየፋብሪካው፣ በየገበሬ ማኅበሩ የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ። መዝሙርና ውዝዋዜ ይቀርባል፤ በመካከሉ ጭውውት አለ። ጭውውቱን ማንም ቁጭ ብሎ አይጽፈውም። «አንተ ባላባት ሁን፣ አንተ ጭሰኛ፣ አንቺ ደግሞ…» ይባልና ይጀመራል።

ስለዚያ ዘመን ሚዛናዊ መሆን ይገባል። ሠራተኛውና ተማሪው ያለ ደራሲ ፈቃድ መድረክ ላይ መናገር መቻላቸው ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን የሳቁ አቅጣጫ አስቀድሞ ታዝዞ ነበር። ባላባቱ ሆዱን ገፍቶ ሲገባ ገና ከመናገሩ ይሳቅበታል፤ መጨረሻ ላይ እጅ ወደ ላይ ተነሥቶ መፈክር ይሰማል። እዚህ ላይ ከ«ፋቡላ» ጋር ያለውን ልዩነት ልብ እንበል። ተክለ ሐዋርያት የሳቁት በተቀመጠው ሹም ላይ ነው። የኪነት ጭውውት የሚስቀው በወደቀው ላይ ነው። በወደቀ ጌታ መሳቅ ድፍረት አይጠይቅም።

ሌላም ጉዳት አለ። «ፋቡላ» በስም ይታወቃል፤ «ጠልፎ በኪሴ» ታትሟል። ከእነዚያ የትየለሌ ጭውውቶች ግን በእጃችን የገባ የለም ቢባል ይቀላል። በቃል ተፈጥረው በቃል ጠፉ። ቅርጻቸው ግን አልጠፋም። በ1990ዎቹ በየትምህርት ቤቱ የነበሩት የፀረ ኤድስ ክበቦች ያቀርቧቸው የነበሩ ጭውውቶች ያንኑ ቅርጽ ወረሱ፦ ሦስት ትዕይንት ሳቅ፣ አንድ ትዕይንት ሞት፣ ከዚያ «ስለዚህ ውድ ተመልካቾቻችን…» የሚል ምክር። መፈክሩ ተለወጠ እንጂ ቦታው አልተለወጠም።

በዚያው ዘመን የተማሪው ኮሜዲ ከቴሌቪዥንም ተምሯል። የልመንህ ታደሰና የአለባቸው ተካ፣ በኋላም የደረጀ ኃይሌና የሀብቴ ምትኩ ጨዋታዎች ሁለት ሰው፣ አንድ ወንበርና አንድ አለመግባባት ብቻ ይዞ አገር ማሳቅ እንደሚቻል አሳይተዋል። ሰርከስ ኢትዮጵያም፣ በናዝሬት ቡድን እንደነበረው የሚታወስ ነው፣ ያለ ብዙ ንግግር በአካል ብቻ ታሪክ መንገር እንደሚቻል አሳየ። ብዙ ቋንቋ በሚነገርበት በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ከሌሎች ምን እንማር?

በጋራ መፍጠር የእኛ ብቻ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ አቶል ፉጋርድ፣ ጆን ካኒና ዊንስተን ንቾና በ1972 እ.ኤ.አ. «ሲዝዌ ባንሲ ሞቷል» የተባለውን ቴአትር በልምምድ እየተነጋገሩ በጋራ ፈጠሩ። ሲጀመር ጆን ካኒ ብቻውን ቆሞ በመኪና ፋብሪካ ውስጥ ስለነበረው ኑሮ እያስመሰለ ያሳቅቃል፤ ትልቁ አለቃ ሊጎበኝ ይመጣል ተብሎ ፋብሪካው እንዴት ሽር ጉድ እንዳለ ይተርካል። ተመልካቹ በአለቃው እየሳቀ ሳለ ጨዋታው ቀስ ብሎ ወደ ይለፍ ወረቀቱ፣ ጥቁሩን በገዛ አገሩ ወደሚያሳድደው ሕግ ይገባል። ሳቁ በሩን ከፈተ፤ እውነቱ ተከትሎ ገባ።

በኬንያ ደግሞ በ1977 እ.ኤ.አ. ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ንጉጊ ዋ ሚሪ ከካሚሪሱ መንደር ነዋሪዎች ጋር በኪኩዩ ቋንቋ አንድ ቴአትር አዘጋጁ። መነሻ ጽሑፍ ነበረ፤ ነገር ግን መንደርተኞቹ በልምምድ ጊዜ አረሙት። ሽማግሌ እንዲህ አይናገርም፣ ይህ የተማረ ሰው አነጋገር ነው እያሉ ደራሲዎቹን አስተካከሉ። ሥራው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ታገደ፤ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎም በዚያው ዓመት መጨረሻ ያለ ፍርድ ታሰረ። ለእኛ ዋናው ነጥብ ግን እርማቱ ነው። ሽማግሌ በመድረክ ላይ እንዴት መናገር እንዳለበት የሚያውቀው ሽማግሌው ነው።

ይህ የሥራ ዘዴ ወደ አገራችንም መንገድ አግኝቷል። በዮሐንስበርግ ዎርክሾፕ 71 ከተባለው ቡድን ጋር በጋራ ፈጠራ ይሠራ የነበረው ደቡብ አፍሪካዊው ሮበርት ማክላረን በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ክፍል አስተምሯል።

አዳማና አዳራሹ

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ለረጅም ጊዜ ናዝሬት ተብላ የቆየችው አዳማ የባቡር ልጅ ናት። የጅቡቲ መስመር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ሞጆ፣ አዳማ፣ ወለንጪቲና መተሐራ በሐዲዱ ላይ ተሰለፉ። በ1946 ዓ.ም. የሆላንዱ ኩባንያ ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት ሲጀምር ደግሞ ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከወላይታ ሸንኮራ ቆራጭ ጎረፈ። ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ መቂን፣ ዝዋይን ማለትም ባቱን፣ ሻሸመኔን፣ ሐዋሳን ያያይዛል። ዙሪያው የኦሮሞ አገር ነው፤ ከተማው ደግሞ የሁሉም።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ከተማ አዳራሽ ሲሞላ የሚቀመጠው ማን ነው? ሁለት ሦስት ቋንቋ የሚሰማ ሰው ነው። ለኮሜዲ ይህ ፀጋም ፈተናም ነው። ፈተናው ምንድን ነው ቢባል፣ ከተሜው መድረክ ላይ ለማሳቅ ከሁሉ የቀለለው መንገድ የባላገሩን አማርኛ ማጣመም መሆኑ ነው። ኦሮሞው፣ ጉራጌው፣ ጋሞው፣ ጎጃሜው ሳይቀር በየተራው በአነጋገሩ ተስቆበታል። ይህ ቀልድ ታሪክ አለው። በንጉሡ ዘመን ኦሮምኛ የትምህርት ቤት ቋንቋ አልነበረም፤ «በሪሳ» የተባለው የኦሮምኛ ጋዜጣ እንኳ መታተም የጀመረው ከአብዮቱ በኋላ ነው። በገዛ ቋንቋው መድረክ የተነፈገ ሰው በሁለተኛ ቋንቋው ሲሰናከል ይሳቅበት ነበር ማለት ነው። ወደ ላይም ወደ ራስም ያልሆነ፣ ወደ ታች የተወረወረ ሳቅ ይሉሃል ይህ ነው።

የጓደኞቻችን ሥራ

በቅርቡ ሰባት ተማሪዎች ለሦስት ሳምንት ያህል ተለማምደው፣ አንዲት ገጽ ሳይጽፉ፣ አዳማ ላይ አንድ ኮሜዲ ሁለት ምሽት አሳዩ። ታሪኩ ቀላል ነው። ሦስት ተማሪዎች አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። አከራያቸው እትዬ አምፖልና የውሃ ባልዲ የሚቆጥሩ ሴት ናቸው። ከተማሪዎቹ አንዱ ለጓደኞቹ «አባቴ ሐዋሳ ትልቅ ባለሀብት ነው» ብሎ ነግሯቸዋል። አንድ ቀን እውነተኛው አባት፣ ከአርሲ በኩል የመጣ ገበሬ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ ቅቤ በቅል ይዞ ይገባል። ልጁ ይደነግጥና «ይሄ ሰውዬ የአባቴ ተላላኪ ነው» ይላል።

በመጀመሪያው ምሽት አባትየው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚናገረው በተሰባበረ አማርኛ ነበር። ስልክ መሙያውን ሲያይ ይደናገጣል፤ የቧንቧውን ውሃ ይመርቃል፤ ቃል ያጣምማል። አዳራሹ ሳቀ። እውነት ለመናገር በጣም ሳቀ። ነገር ግን ከኋላ ወንበሮች አካባቢ፣ ከገጠር ለልጆቻቸው ምርቃት የመጡ የሚመስሉ ጥቂት ሰዎች ዝም ብለው ነበር።

በሁለተኛው ምሽት አንድ ነገር ተለወጠ። አባትየውን የሚጫወተው ልጅ፣ ቤተሰቡ ከመቂ በኩል ነው፣ ልጁ «ተላላኪ ነው» ሲል የለመድነውን የተሰባበረ አማርኛ ተወና በኦሮምኛ «አኒ አባ ኢሳቲ» አለ፤ እኔ አባቱ ነኝ ማለት ነው። በልምምድ ያልነበረ ነገር ነው። መድረኩ ላይ የነበሩት ደነገጡ። ያን ጊዜ አከራይዋን የምትጫወተው ተማሪ፣ የአዳማ ልጅ ስለሆነች ሁለቱንም ቋንቋ ታውቃለች፣ ወዲያው አስተርጓሚ ሆነች። «ምን አሉ እትዬ?» ሲሏት «ኧረ ደህና ዋላችሁ ነው የሚሉት!» አለች፤ ያልተከፈለ የኪራይ ብር አለባትና ነገሩ እንዲቀጥል ፈልጋለች። አባትየውም ገባው። ተላላኪ ካላችሁኝማ ብሎ ተላላኪ ሆነ። በራሱ ቋንቋ፣ ረጋ ብሎ፣ «ጌታዬ ባለሀብቱ ልጃቸው ጥናቱን እንዳያቋርጥ አዘዋል፤ ኪራዩን ግን ራሱ ሠርቶ ይክፈል ብለዋል፤ ቅቤውም በስሕተት ነው የመጣው» አለና ቅሉን አንሥቶ ታቀፈው።

በዚያች ሰዓት ሳቁ ሁለት ጊዜ መጣ። አንድ ጊዜ አባትየው ሲናገር ኦሮምኛ ከሚያውቀው የአዳራሹ ክፍል፤ ሁለተኛ ጊዜ እትዬ ሲተረጉሙ ከቀረው። ከኋላ የነበሩት ሰዎች በዚያ ምሽት ከሁሉ ቀድመው ሳቁ። ፊት ወንበር ላይ የነበርነው የተማርን ነን ባዮች ቀልዱ እስኪተረጎምልን ጠበቅን።

ይህን ነገር አሳንሰን ልናየው አንችልም። ያው ሰውዬ፣ ያው ጋቢ፣ ያው ቅቤ ነው። በሰው ቋንቋ ሲናገር ሞኝ ነበር፤ በራሱ ቋንቋ ሲናገር በመድረኩ ላይ ካሉት ሁሉ ብልህ ሆነ። ሳቁም ከአባትየው ላይ ተነሥቶ በልጁ ላይ፣ አባቱን በካደው ተማሪ ላይ አረፈ። ያ ተማሪ ደግሞ ሌላ ማንም አይደለም፤ እኛ ነን። ካሚሪሱ ላይ ሽማግሌዎቹ ያረሙትን ይህ ልጅ አዳማ ላይ በራሱ አረመው። መንግሥቱ ለማ በጽሑፍ የደረሱበትን ጓደኞቻችን ያለ ጽሑፍ፣ በሁለት ምሽት ደረሱበት።

ገንቢ ሂስ

ምስጋናው ይህ ከሆነ ሂሱንም መሸሸግ አይገባም።

አንደኛ፦ ቅርጹ የተጣጣፈ ነው። ከመጀመሪያው ትዕይንት በኋላ መናኸሪያ ውስጥ ከረዳት ጋር የሚደረግ ጭቅጭቅ አለ። ለብቻው ያስቃል፤ ግን ከአባትና ከልጁ ታሪክ ጋር አይገናኝም። ለምን ቀረ ቢባል፣ የፈጠረው ልጅ ቅር እንዳይለው ነው። የጋራ ድርሰት ትልቁ በሽታ ይሉኝታ ነው። ደራሲ የራሱን ገጽ ቀድዶ ይጥላል፤ ቡድን ግን የጓደኛውን ቀልድ ለመጣል ያፍራል። ሰባት ሰው ሲፈጥር ሰባት ቀልድ መኖር አለበት የሚል ሕግ የለም።

ሁለተኛ፦ በቡድኑ ውስጥ ሁለት ሴቶች አሉ። አንደኛዋ አከራይዋን ሆና ቴአትሩን አድናለች ማለት ይቻላል። ሁለተኛዋ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቡና ታፈላለች። በዮፍታሔ ዘመን ሴት መድረክ ላይ ስላልነበረች ወንድ ነጠላ ይለብስላት ነበር። ዛሬ ሴቷ ራሷ መጥታ እንዳትናገር ከተደረገ ለውጡ የልብስ ብቻ ይሆናል። ያቺ ቡና አፍይ የሚሆነውን ሁሉ የምታይ ሰው ናት፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትሰጣት ልጁን ከአባቱ ቀድማ ታጋልጠው ነበር።

ሦስተኛ፦ መጨረሻው። አባትየው ቅቤውን ታቅፎ ሲወጣ ቴአትሩ አልቋል። ልጁ ቆሞ ባዶውን በር ያያል፤ እኛም አብረነው እናያለን። ምን ቀረ? ነገር ግን መብራቱ በርቶ ልጁ ወደ ፊት መጣና «ስለዚህ ወላጆቻችንን ማክበር አለብን» ብሎ ንግግር አደረገ። የኪነቱ መፈክር፣ የክበቡ ምክር እንደገና መጣ። ተመልካቹ በገዛ ራሱ ላይ ስቆ፣ ደንግጦ፣ ማሰብ ሲጀምር «አይዞህ፣ ትምህርቱ ይህ ነው» ብሎ የሚያሳርፈው ከሆነ፣ ያ ምክር ትምህርት ሳይሆን ማምለጫ በር ነው። ተጨብጭቦ ተወጣ። አባቱን ለጓደኞቹ ያላስተዋወቀ ሁሉ አብሮ አጨበጨበ።

መመዘኛው

ከታሪኩም ከሥራውም ተነሥተን ለወደፊቱ የሚከተሉትን ጥያቄዎች እናቀርባለን። ሳቁ ወደ ማን ነው? ወደ ላይ ወይም ወደ ራሳችን ከሆነ ይበል፤ ወደ ታች ከሆነ ግን ምንም ያህል ቢጮህ ርካሽ ነው። የሚሳቅበት ሰው በአዳራሹ ውስጥ ቢቀመጥ አብሮ ሊስቅ ይችላል ወይስ ዝም ይላል? ሥራው ከአዳማ ተነሥቶ ወንጂ ወይም ሻሸመኔ ቢታይ ሳቁ ይቀራል ወይስ ከግቢያችን አጥር አይወጣም? ከቀልዶቹ መካከል ለታሪኩ የተሠራው የቱ ነው፣ ለፈጣሪው ክብር የተተወውስ? መጨረሻውስ ተመልካቹን ለሐሳብ ይተወዋል ወይስ በምክር ያሰናብተዋል?

«ነገሩ ጨዋታ ነው፣ ምን እንዲህ ያከብደዋል?» የሚሉን ይኖራሉ። ጨዋታ ባይከብድ ኖሮ «ፋቡላ» ባልታገደ ነበር። ደግሞስ ከዚህ አዳራሽ የሚወጣው ተማሪ ነገ ቢሮ ይቀመጣል። ጋቢ የለበሰ ሰው ወረቀት ይዞ በር ላይ ሲቆምና በተሰባበረ አማርኛ ጉዳዩን ሲያስረዳ፣ ያ ባለሥልጣን ፈገግ የሚለው ወይም ተነሥቶ ወንበር የሚስበው ዛሬ መድረክ ላይ በለመደው ሳቅ መጠን ነው። የባላገሩን አነጋገር ለመሳቂያ የለመደ ጆሮ ጉዳዩን አይሰማም።

አንድ የመጨረሻ ሐሳብ። ያለ ጽሑፍ የተፈጠረ ሥራ ያለ ጽሑፍ ይቀር ማለት አይደለም። የኪነት ዘመን ጭውውቶች እንዴት እንደጠፉ አይተናል። ስለዚህ ጓደኞቻችን የሁለተኛውን ምሽት፣ የመጀመሪያውን ሳይሆን፣ ከነኦሮምኛው ከነትርጉሙ ቁጭ ብለው ይጻፉት። የመናኸሪያው ትዕይንት ይውጣ፤ ቡና የምታፈላዋ ትናገር፤ ንግግሩ ይቅር። በዚህ መጽሔት ላይ ለማባዛት ወረቀት አይጠፋም። የሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ሌላ ኮሜዲ ለመፍጠር ሲቀመጡ ከባዶ አይጀምሩ፤ ቅቤውን ታቅፎ ከወጣው ሽማግሌ ይጀምሩ።